ባለማወቅ የሚወቀሰው ማን ነው?

በዚህ ዘመን ከመሥሪያ ቤትና ከባንክ ጋራ የሚደረገው ጕዳይ እያደር ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር መግባቱን አንባቢዎቻችን ሳያስተውሉት አልቀሩም። ታዲያ ሰው በመሣሪያው መጠቀም ሲያቅተው ወዲያው የሚሰጠው ፍርድ «ሕዝቡ ገና አልሠለጠነም» የሚል ነው። እኛ ግን ይህ ፍርድ ሳይመረመር የተሰጠ ነው እንላለን።

ጡረታቸውን በሞባይል ስልክ የሚቀበሉ አንድ ሽማግሌ እናስብ። ቍጥሩን ፈልገው እስኪነኩ ድረስ ስልኩ «ክፍለ ጊዜው አብቅቷል» ይላቸዋል። የምን ክፍለ ጊዜ? እሳቸው የሚያውቁት ክፍለ ጊዜ ደወል የሚደወልለትን የትምህርት ቤቱን ነው። ስለዚህ ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ይሰጣሉ፤ ከስልኩም ጋራ ምስጢር ቍጥራቸውን ይነግሩታል። ልጁ ጨዋ ከሆነ ደግ ነው፤ ካልሆነስ? በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እንኳ የባለጕዳዩን ምስጢር ይሰማል እንጂ የሣጥኑን ቍልፍ አይቀበልም። ግልጽ ያልሆነ ፕሮግራም ግን ቍልፉን በግድ ያስረክባል። ነገሩ የምቾት ሳይሆን የእምነት ጕዳይ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

በጎረቤታችን በኬንያ የሆነው ምስክር ይሆነናል። ኤም-ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሞከር የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን እንዲከፍሉበት ነበር። ሰዎቹ ግን ገንዘብ እርስ በርሳቸው ይላላኩበት ጀመር። ሠሪዎቹ «አጠቃቀሙን አላወቁበትም» ብለው ለተግሣጽ አልተነሡም፤ ያዩትን ተቀብለው በ2007 ለሕዝብ ሲያወጡት ገንዘብ መላክን ዋና ሥራው አደረጉት። ይሁን እንጂ እዚያም ላኪው የተቀባዩን ስም የሚያየው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነበርና አንድ ቍጥር የሳተ ሰው ለማያውቀው ሰው ይልክ ነበር። ስሙን አስቀድሞ የሚያሳየው አሠራር የመጣው በ2015 ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ተወቃሿ ጣት ነበረች ማለት ነው።

በአገራችንም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ *127# በመደወል እንዲሠራ መደረጉ የሚመሰገን ነው።

«ታዲያ ሕዝቡ አይማር ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ይማር እንጂ! ነገር ግን ሕዝብን ማስተማር ዓመታት ይፈጃል፤ አንድን የማይገባ ቃል ማረም ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ደግሞም ማቅለል ማለት መሸሸግ አይደለም። ስንት ብር እንደሚቀነስ፣ ለማን እንደሚሄድ፣ ቢሳሳቱ ወዴት አቤት እንደሚባል መደበቅ አዋቂን ሰው እንደ ሕፃን መቍጠር ነው። ሰምና ወርቅ በቅኔ ቤት ያምራል፤ ገንዘብ ለሚልክ ሰው ግን ወርቁ ብቻ ይሰጠው።

ፕሮግራም ሠሪው ሥራዬን ጨረስሁ ከማለቱ በፊት ስልኩን ለኒያ ሽማግሌ ሰጥቶ አጠገባቸው ይቀመጥ። ጣታቸው የቆመበትን ስፍራ ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፤ «ላስረዳዎ» ማለት ግን አይፈቀድለትም።