አሮጌው መኪናና ጠራጊው እጅ

ሰው ያረጀ ዕቃውን ሳይጥል፥ ሲሰበር እየጠገነ፥ ሲቆሽሽ እየወለወለ በእንክብካቤ ሲያኖረው ብናይ ይህን ተግባሩን ከምን እንቈጥረዋለን? ከቁጠባ ነውን? ከንፉግነት ነውን? ወይስ ምስጋና ብለን ልንጠራው ይገባል? ዕቃው የአያት ጋሻ ወይም የብራና መጽሐፍ ቢሆን መልሱ አያስቸግርም፤ የአያትን ጋሻ ማክበር አያትን ማክበር ነውና። ነገር ግን ያ ዕቃ የቤት መጥረጊያ፥ ይኸውም ብዙ ሰው «ቫኪዩም» እያለ የሚጠራው አቧራ መምጠጫ መኪና የሆነ እንደ ሆነ፥ ያረጀውን መኪና የሚያከብር ሰው ማንን ያከብራል ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

ይህ ለቀልድ የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ የዱሮ አቧራ መምጠጫዎችን እየፈለጉ የሚሰበስቡ፥ የሚጠግኑ፥ ስለ እነርሱም እርስ በርሳቸው ሲወያዩ የማይሰለቻቸው ሰዎች አሉ። በአሜሪካ ሚዙሪ በሚባለው ግዛት፥ ሴይንት ጄምስ በምትባል ከተማ፥ ለዚሁ መኪና ቤተ መዘክር እስከ ማቋቋም ተደርሷል። እነዚህ ሰዎች ከመኪናው ጋር ያላቸው ግንኙነት ሲመረመር ዕቃን ለማሳየት ብቻ ከሚያከማች ባለጸጋ ግንኙነት ይለያል። አንዱ ሌሎች የጣሉትን መኪና አንሥቶ፥ በካቻቢቴ ፈትቶ፥ ያለቀውን ካርቦን ለውጦ፥ የላላውን ቺንጋ በአዲስ ተክቶ፥ ኩሽኔታውን ቅባት አጠጥቶ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ሌላው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ብቻ ከረጢቱ መሙላቱን ወይም ቱቦው መታፈኑን ይናገራል። የብረቱን ክብደት፥ የጨርቁን ከረጢት፥ ሞተሩ ሲሞቅ የሚሰጠውን ሽታ ሳይቀር እንደ ወዳጅ ምልክት ይቈጥሩታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፥ ይጠርጉበታል፤ ምንጣፋቸውን ዛሬ በአንዱ፥ ነገ በሌላው እየጠረጉ ልዩነቱን ያስተያያሉ። ሌላው ሰው እንደ ቅጣት የሚሸሸውን ሥራ እነርሱ ደስ ብሏቸው ይጠብቁታል።

ይህ ፍቅር ለእኛ ባዕድ የሚመስለው ቢኖር ወደ ማጀት ገብቶ ምጣዱን ይመልከት። ለሚ በሰሜን ሸዋ፥ በእንሳሮ ወረዳ፥ ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ወደ ጀማ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ያለች ባለሞያ ሴት አዲስ ምጣድ እንጀራ ስለሚይዝባት በጎመን ዘር ታሟሸዋለች። ከተሟሸም በኋላ ጠባዩን እስክትለምድ ድረስ ብዙ እንጀራ ይበላሽባታል። የትኛው ወገኑ ቶሎ እንደሚግል፥ የትኛው እንደሚዘገይ፥ እሳቱን ወዴት መግፋት እንዳለባት የምታውቀው ከዓመታት በኋላ ነው። የጎረቤቷን ምጣድ ብትዋስ እጇ ይሳሳታል። እንግዲህ ይህች ሴት አሮጌ ምጣዷ ሲሰነጠቅባት የምታዝነው ለሸክላው ዋጋ አይደለም፤ በእጇ ካለው ዕውቀት ግማሹ አብሮ ስለሚሰበር ነው። መኪና ሰብሳቢው ከአሮጌው ሞተር ጋር ያለው ነገርም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። የመሣሪያ ፍቅር ከውስጡ ሲታይ ዕውቀት ነው፤ ያውም መጽሐፍ ላይ ሳይሆን መዳፍ ላይ የተጻፈ።

ለሚ ስለ አቧራም የራሷ ዕውቀት አላት። የገጠሩ ቤት ወለል በእበት ይለቀለቃል፤ በዚህ መንገድ አቧራው ከቤት አይወጣም፥ እዚያው ታስሮ መሬት ይሆናል እንጂ። አውድማውም እንዲሁ ከተለቀለቀ በኋላ እህሉ ይወቃበታል፤ ገበሬው ነፋሱን ጠብቆ በላይዳ ወደ ላይ ሲበትነው ፍሬው ይወድቃል፥ ገለባውና ትቢያው ይሄዳል። አንዱ አቧራን ማሰር፥ ሁለተኛው ለነፋስ መስጠት ነው። ሣር መጥረጊያው ከሁለቱም የማይሻል ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ጎንበስ ብላ የምትጠርገዋ ሴት ካስነሣችው አቧራ ከፊሉ ተመልሶ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፥ ከፊሉም በአፍንጫዋ ይገባል።

እንግዲህ የዚህ መኪና ታሪክ የሚጀምረው ከአውድማው ኀሳብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1893 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1901) ሂዩበርት ሲሲል ቡዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለንደን ውስጥ አቧራን በአየር እየነፋ የሚያባርር መኪና ሲታይ ተመለከተ። ያ መኪና የሚሠራው እንደ ነፋሱ ነበር። ነገር ግን በአውድማ ላይ ትቢያው ሜዳ ስላለው ይሄዳል፤ በእልፍኝ ውስጥ የሚሄድበት የለውም። ቡዝ፥ መንፋቱ ቀርቶ መሳብ አይሻልምን? ብሎ ጠየቀ። ከዚያም ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ መሐረቡን ከወንበሩ ጨርቅ ላይ አድርጎ በአፉ ሳበ፤ መሐረቡም ጠቈረ። ከዚህ የተወለደው መኪና በፈረስ ጋሪ የሚጐተት ትልቅ ነገር ስለ ነበር ከቤት ውጭ ቆሞ ቱቦው በመስኮት ይገባ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ሊነግሡ ሲሉ የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ የተጠረገው በዚሁ መኪና ነው። ንግሡ በንጉሡ ሕመም ምክንያት ተላልፎ ነሐሴ 3 ቀን ተፈጸመ። ለዚያ በዓል ከኢትዮጵያ የተላኩት መልእክተኛ የሸዋው ተወላጅ ራስ መኰንን መሆናቸውን ለሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ ከአገራችን እስከዚህም የራቀ አይደለም።

ለእኔ ግን ከቡዝ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ሰው ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በኦሃዮ ግዛት፥ ካንተን በምትባል ከተማ፥ በአንድ ትልቅ ሱቅ የጽዳት ሠራተኛ ነበረ፤ አስምም ነበረበት። በየሌሊቱ የሚያስነሣው አቧራ ትንፋሹን ይዘጋው ነበርና የማራገቢያ ሞተር፥ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገናኝቶ በአንድ ሰው እጅ የሚገፋ መምጠጫ ሠራ። በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ከዚያም ዊልያም ሁቨር ለሚባል የቆዳ ዕቃ አምራች ሸጠው። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ቤት መጥረግ ራሱ በሁቨር ስም ይጠራል። ስፓንግለርን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የሠራው ሰው ጠራጊ ነበረ፤ ስሙ የቀረው ግን የሻጩ ነው። የትራስ ልብሱ ኀሳብ ግን አልሞተም፤ መስከረም 2017 ዓ.ም. በለሚ የተመረቀውን የሚመስል የሲሚንቶ ፋብሪካ ትቢያውን የሚያጠልበት የጨርቅ ከረጢት በመርሑ ያው ነው።

የዘመን መገጣጠም አንዳንድ ጊዜ ያስገርማል። ስፓንግለር መኪናውን ባስመዘገበበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሞያው የሚሰድበውን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ፋቂው በሞያው ስም እንዳይሰደብ የታወጀው ስድቡ ስለ በዛ ነበር። ዐዋጁ ምላስን ለመከልከል እንጂ ዐይንን ለመለወጥ ምን ያህል እንደ በቃ እያንዳንዱ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሊመለከት ይችላል። በአዲስ አበባ ጎሕ ሳይቀድ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው መንገድ የሚጠርጉትን ሴቶች ስንቶቻችን ሰላም ብለን እናልፋለን? ልጃችን ስንፍና ሲያሳየን «ጠራጊ ሆነህ ትቀራለህ» ብለን የምናስፈራራበት ቃልስ ከስድቡ በምን ይለያል?

አሮጌ ነገር ሁሉ መልካም ነው ማለቴ እንዳልሆነ እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ዓመት ከ1600 ዋት፥ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት የሚበልጥ አቧራ መምጠጫ አዲስ ተሠርቶ ለገበያ እንዳይቀርብ ወስኗል። በዚያን ጊዜ ኃይለኛውን የዱሮ መኪና ለማግኘት የተሽቀዳደሙ ነበሩ። ሆኖም የሚፈጀው ዋት የሞተሩ ፍላጎት እንጂ የመሳብ ችሎታው ልክ አይደለም። አንዳንድ አሮጌ ከረጢትም ደቃቁን አቧራ መልሶ ይተፋዋል፤ ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ደግሞ ሰው ይገድላል። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት መኪና ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ቮልት ላይ ስፒናው የተሰካ እንደ ሆነ ወዲያው ይቃጠላል። ዕድሜ ብቻውን ክብር ሊሰጠው አይገባም፤ መርምሮ የሚይዘው ሰው ካለ ግን ይገባዋል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለውን ብረት ወደ ሥራ ሲመልሱ የኖሩት ሰዎች ይህን ምርመራ ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ እነርሱ ግን አፍቃሬ ዕቃ ተብለው ሲጠሩ አልሰማሁም፤ ችግረኞች ይባላሉ እንጂ።

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድን መኪና ሁለት ሰዎች ይይዙታል እንበል። አንደኛው ሰብሳቢው ነው፤ ሲፈልግ ያነሣዋል፥ ሲደክመው ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው በዋሽንግተን ከተማ ወይም በአካባቢዋ ሌሊት ሌሊት ባዶ ቢሮ የሚጠርግ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከዚያ ካለው ወገናችን በእንዲህ ያለ ሥራ ኑሮውን የጀመረው ጥቂት አይደለም። መኪናውን በጀርባው አዝሎ ወይም ከኋላው እየጎተተ ከፎቅ ፎቅ ይወጣል። የሞተሩን ድምፅ ከሰብሳቢው ባልተናነሰ ያውቀዋል፤ ቱቦው ሲታፈን፥ ቺንጋው ሊበጠስ ሲል ቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው። ዕውቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ የአንደኛው ፍቅር፥ የሁለተኛው ግን ውርደት ተብሎ መጠራቱ ከምን የተነሣ ነው? መኪናው አልተለወጠም። የተለወጠው ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ሥራውን መተው የሚችል ሰው ሥራውን ሲወድ እናደንቀዋለን፤ መተው የማይችለውን ግን መውደዱን እንኳ አንጠይቀውም። ስለዚህ ያረጀውን መጥረጊያ እያከበረ ጠራጊውን የማያይ ሰው፥ ሁቨርን አስታውሶ ስፓንግለርን ረስቷል እላለሁ። በሰብሳቢዎቹ በኩል ግን አንድ ነገር ሊነገርላቸው ይገባል፤ መጥረግ በራሱ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ፥ ማንም ሳያስገድዳቸው እጀታውን ይዘው አሳይተዋል።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። አንድ የለሚ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ሲመለስ፥ ሲሠራበት የኖረውን አሮጌ መምጠጫ ከነትራንስፎርመሩ ለእናቱ ይዞላት ቢመጣ ምን ይሆናል? የቤቱ ወለል እንደ ዱሮው እበት ሳይሆን ሊሾ ሆኗል፤ መደቡ ላይ የመንዝ ባና ተነጥፏል። ልጁ መኪናውን ያስነሣና በባናው ላይ ያስኬደዋል። እናቲቱ፥

«ኧረ አጥፋው፥ ዶሮዎቹ በረገጉ!» ትላለች። ሲጠፋም፥ «አቧራው የት ገባ?» ብላ ትጠይቃለች።

ልጁ ከረጢቱን ከፍቶ ያሳያታል። እጇን ሰድዳ ግራጫውን ብናኝ በጣቶቿ ታሸዋለች።

«ይህ ሁሉ ከባናዬ ውስጥ ነበር? አንተስ ይህን ሥራ ከየት ለመድኸው? ቢሮ እሠራለሁ አላልኸኝም?»

«ቢሮ ነው እማዬ» ይላታል፤ «ሌሊት ሌሊት የምጠርገው እኔ ነበርሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት።»

እናቲቱ ጥቂት ዝም ትላለች። ከዚያ ተነሥታ እጀታውን ትይዝና አንድ ጊዜ ወደ ፊት፥ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ትገፋዋለች።

«ይከብዳል» ትለዋለች፤ «እስቲ መልሰህ ሰካው።»