ከላይ ደረቁ፣ ከሥር እርጥቡ

በኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወይም በአጠና ተራ በኩል ሲያልፉ በመደብ ላይ የተደረደረውን ቲማቲም አስተውለው ያውቃሉ? ቀዩና ጠንካራው ከፊት፣ የለሰለሰው ከኋላ ነው። ይህ አደራደር ዛሬ ከመደብ አልፎ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በርበሬ፣ ማር፣ ቡናና ብስኩት አሽገው የሚሸጡ ድርጅቶች ለማሸጊያቸውና ለማስታወቂያቸው ፎቶግራፍ ሲያስነሱ፣ ምግቡን የሚያስውብ፣ ሳህኑን፣ የጠረጴዛ ልብሱንና ረከቦቱን የሚመርጥ ባለሙያ ይቀጥራሉ። ብዙ ወጣቶችም እንጀራቸውን ከዚህ ያገኛሉ። ታዲያ ማስዋብ አብቅቶ ማታለል የሚጀምረው የት ላይ ነው?

ማስዋብ በራሱ ነውር አይደለም። አላህ ውብ መሆኑንና ውበትንም እንደሚወድ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። እናቶቻችን ቄጤማ ጎዝጉዘው ሲኒ ሲደረድሩ እንግዳቸውን አከበሩ እንጂ ማንንም አላታለሉም። ለማር ፎቶግራፍ ተብሎ የተከራየ የሸክላ ማሰሮም እንዲሁ ነው። የሚሸጠው ማሩ ነው፤ ማሰሮውን ገዛሁ የሚል የለም።

ችግሩ የሚመጣው እጃችን ወደሚሸጠው ነገር ሲሻገር ነው። በዚህ ሙያ በዓለም ዙሪያ ከሚታወቁት ዘዴዎች መካከል በወተት ፋንታ ነጭ ሙጫ ማፍሰስና በአይስክሬም ፋንታ የተፈጨ ድንች መቆለል ይገኙበታል። የሚሸጠው ወተቱ ሆኖ ሳለ ሙጫ ከታየ፣ ገዢው ያየው ወተት ከቶ አልነበረም ማለት ነው።

«ምግቡ እውነተኛ ከሆነስ?» ይሉ ይሆናል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የካምቤል ኩባንያ ሾርባ ማስታወቂያ ሲዘጋጅ፣ አትክልቱ ወደ ሥር እንዳይሰምጥ በሳህኑ ውስጥ የብርጭቆ ብይ ተጨመረ። ሾርባው እውነተኛ፣ አትክልቱም እውነተኛ ነበር። ሆኖም ተመልካቹ አትክልቱ ከእውነቱ የበዛ መሰለው። የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አሳሳች ነው ብሎ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ም ድርጊቱን የሚከለክል ትእዛዝ ጸደቀ።

ይህ ፍርድ ለሙስሊም አንባቢ አዲስ አይሆንበትም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውት ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ከክምሩ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸውም ርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ያስተውሉ! ዝናቡ የሰውየው ጥፋት አልነበረም። በቃልም አልዋሸም። ጥፋቱ አቀማመጡ ላይ ነበር።

እንስሳ ሳይታለብ ከርሞ ጡቱ ተወጥሮ ለገበያ እንዳይቀርብም ከልክለዋል። ወተቱ የራሱ የእንስሳው ነው፤ ግን የየዕለቱ መጠን አይደለም። ስለዚህ ገዢው ካለበ በኋላ፣ ቢወድ እንዲያስቀረው፣ ካልወደደ ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር እንዲመልሰው መብት ሰጡት።

«ማስታወቂያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል» የሚል መከራከሪያም አለ። ሁሉም ማን ነው? ጽሑፍ አንብባ የማታውቅ እናት ከሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆማ ዕቃውን የምትመርጠው በሥዕሉ ነው። በማሸጊያው ጀርባ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው ማሳሰቢያ ለእርሷ አልተጻፈም። ለእርሷ ፎቶግራፉ የነጋዴው ቃል ነው። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕጉ ግን ፎቶ ቤት ገብቶ የእያንዳንዱን ሳህን ሥር አይፈትሽም።

እንግዲህ በዚህ ሙያ የተሰማራ ወንድም ወይም እህት ደንበኛው «ሞላ አድርገው» ሲል ምን ያድርግ? ብርሃኑን ያሳምር፣ ሳህኑን ይወልውል፣ ከእውነተኛው ምግብ መካከል ያማረውን ይምረጥ፤ ግን ያው ምግብ በዚያው መጠን በገዢው ቤት የማይገኝ ከሆነ እጁን ይሰብስብ። ደንበኛው ተቆጥቶ ሥራውን ለሌላ ሊሰጥበት ይችላል፤ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከዚያው ነውና። ሆኖም ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ከሥራው በኋላ ያንኑ ምግብ ለልጆቹ ይዞ መግባት የቻለ ሰው በሐላል ስለማደሩ አይጠራጠርም።

ወላሁ አዕለም።