መሪ የያዘው አሸዋ

በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ኮሌጅ ነበር። የሽንኩርትና የማሾ ገበሬ ልጆች የሚማሩበት፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አስተማሪውን ከተማሪው እኩል እንቅልፍ የሚጥልበት ኮሌጅ ነው። ወደዚህ ኮሌጅ ከጣና ዳር አንድ የስፖርት መምህር ተመድቦ መጣና የጀልባ ቀዘፋ ክለብ አቋቋመ። አገሬው ሳቀ። የሮቢ ወንዝ በጋ ሲገባ ውሃው ወደየመስኖው ቦይ ተጠልፎ ያልቃል፤ ጀልባ ቀርቶ ጫማ የሚያንሳፍፍ ውሃ አይተርፈውም።

ነገሩ ግን የተሳቀበትን ያህል እብደት አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ አሊስ ስፕሪንግስ በምትባል የበረሃ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በደረቅ ወንዝ ላይ የጀልባ ውድድር ይደረጋል። ተወዳዳሪዎቹ ወለል የሌለውን ጀልባ በእጃቸው አንጠልጥለው አሸዋው ላይ ይሮጣሉ። በ1993 ውድድሩ የተሰረዘው ወንዙ ውሃ ስለያዘ ነው! የእኛዎቹ ደግሞ ሮቢ ዳር በተጋደመ ግንድ ላይ በተርታ ተቀምጠው፣ አሸዋ በሞላ ጆንያ ላይ የታሰረ ገመድ እየሳቡ ተለማመዱ። በሦስት ወር ውስጥ የስምንቱ ቀዛፊዎች ክንድ የጉልበት ሠራተኛ ክንድ ሆነ።

ጀልባው ስምንት ቀዛፊ ይይዛል። ስምንቱም ጀርባቸውን ለሚሄዱበት፣ ፊታቸውን ለመጡበት ሰጥተው ይቀመጣሉ። የሚታያቸው ያለፉት ውሃ ብቻ ነው። ወደፊት የሚያየው ከኋላ ጫፍ የሚቀመጠው ዘጠነኛው ሰው ነው፤ መሪ ያዥ ይሉታል። እሱ አይቀዝፍም። የመሪውን ገመድ ይዞ፣ ምቱን እየቆጠረ ይጮኻል።

መምህሩ ለዚህ ቦታ ከጀውሃ ወንዝ ዳር የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ መረጠ። ልጅቷ ፍየል ስትጠብቅ ያደገች ናት። እዚያ አገር ልጅ ሆኖ መንጋውን ወደ አሸዋው ከማውረዱ በፊት ቀና ብሎ ወደ ደጋው ማየትን ያልለመደ አይኖርም። ቆላው ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ላይ ቤት የዘነበው ዝናብ ድንገት ወንዙን ሞልቶ ይመጣል። ጎርፍ ሲመጣ ቆላው ላይ ጠብታ እንኳ ላይወርድ ይችላል። ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ሩቅ ማየት የለመደችው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ጭቅጭቅ በዛ። «ቀኝ በርቱ!» ስትል የእሷ ቀኝ ለእነሱ ግራ ነው፤ ፊት ለፊት ነዋ የተቀመጡት። አንድ ቀን ሰልችቷት ለሁለቱ ጎኖች ስም አወጣች። በተራራው በኩል ያለውን ጎን «ደጋ»፣ በአፋር በኩል ያለውን «ቆላ» አለችው። ከዚያ ወዲህ «ደጋ በርቱ፣ ቆላ ቀለል!» ስትል ስምንቱም ሳያስቡ ይታዘዙ ጀመር። እነሱም ስም አወጡላት፤ «ሬዲዮ»።

የውድድሩ ዘመን ተከፈተ። የመጀመሪያው ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ነበር። ከመነሻው በፊት ሁሉም መሪ ያዥ ይመዘናል። በደንቡ መሪ ያዥ ከ55 ኪሎ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ የጎደለው ተሞልቶለት ይጫናል። ሬዲዮ 47 ኪሎ ሆነች። ስምንት ኪሎ የሮቢ አሸዋ በፌስታል ታስሮ እግሯ ስር ተቀመጠ። ቀዘፉ፤ ሦስተኛ ወጡ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመለሱ አይሱዙው ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ሦስተኛነታቸው ሆነ። ከስምንቱ አንዱ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነው። «እስቲ እናስላው» አለ። «ስምንታችን እንቀዝፋለን። ዘጠነኛዋን ተሸክመናት እንሄዳለን። እሷ የምትሠራው ምንድን ነው? ትጮኻለች። ‹ዘግይተሃል› ትላለች፣ ‹አጎንብሰሃል› ትላለች፣ ‹ቆላ ተኝቷል› ትላለች። እግሯ ስር ያለው አሸዋ ግን አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶት ያውቃል?»

ሳቁ። እሱ ግን የምሩን ነበር። «ደንቡን አንብቤዋለሁ» አለ። «የሚመዝነው ኪሎ ነው። ስምንት ኪሎው አሸዋ ከሆነ፣ ሃምሳ አምስቱም አሸዋ ቢሆን ማን ይከለክለናል?»

እዚህ ላይ ደንብ አዋቂ አንባቢ እንዳይቆጣ፤ በእውነተኛው ውድድር ዳኞቹ ይህን አይፈቅዱም። በምሳሌ አገር ግን ዳኛ ሚዛኑን እንጂ ወንበሩን አያይም።

ሁለተኛው ውድድር ሐይቅ ላይ ሆነ፤ ከደሴ ወዲያ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ። ሬዲዮ «ፈተና ደርሶብሻል፣ አጥኚ» ተብላ ቀረች። በቦታዋ አንድ ጆንያ አሸዋ ተቀመጠ። የመሪው ገመድ ወዲያና ወዲህ እንዳይል በቃጫ ጥፍንግ ተደርጎ ታሰረ። ከጆንያው ጋር ፊት ለፊት የተቀመጠው ቀዛፊ በኋላ ሲያወራ፣ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሰላማዊ ቀዘፋ አላየሁም» አለ። አሸዋው ዝም አላቸው፤ እነሱም በልባቸው ቀዘፉ። ያን ቀን የተዘረጋው መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነበር፤ ነፋስም አልነበረም። አንደኛ ወጡ።

ዋንጫው ሸዋ ሮቢት ሲገባ ዲጄ ተጠራ፤ ርእሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪው በትከሻ ተዞረ። አሸዋውም ሳይቀር ተመሰገነ። መምህሩ ብቻ ጆንያውን ዓይቶ፣ «ልጆች፣ ጣና እኮ የተሰመረ አስፋልት አይደለም» አላቸው።

«መምህር፣ ዋንጫው ይናገር» አሉት።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ውድድር ባሕር ዳር ላይ ነው። መስመሩ ከከተማው ዳርቻ ተነስቶ ወደ አባይ መውጫ ይታጠፋል። ጣና ላይ ደግሞ ብቻህን አይደለህም። ደንገል አለ፤ ጉማሬ አለ፤ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡ ታንኳዎች አሉ። ታንኳው ራሱ የደንገል እስር ነው። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። እንጨት ተጭኖበት መሀል ውሃ ላይ ሲሆን ደግሞ በፍጥነት ዞር ማለት አይሆንለትም።

መነሻው ተተኮሰ። የእኛዎቹ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተፈተለኩ። አንድ ጀልባ ኋላቸው ቀረ፤ ሁለት፤ ከዚያ ሁሉም። እዚህ ላይ የቀዛፊን ደስታ ልብ በሉ። ቀዛፊ ሲመራ የሚያየው የተሸነፉትን ነው። የተቀናቃኙ ሁሉ የጀርባ ላብ ፊቱ ላይ ተዘርግቶለት ይቀዝፋል። ሲሸነፍ ግን የቀደመውን አያየውም፤ ኋላው ነውና።

ሬዲዮ ፈተናዋን ጨርሳ በራሷ ገንዘብ መጥታ ኖሮ ዳርቻውን ይዛ ትሮጣለች። «ደጋ በርቱ! ደጋ! ኧረ ደጋ!» ትላለች። ሰሟት። «አየህ፣ ቂም አልያዘችም፤ እየደገፈችን ነው» አለ አንዱ፤ ስምንቱም እኩል ጨመሩበት። ስምንት ሰው እኩል ሲጨምር ጀልባ አይታጠፍም።

መስመሩ ታጠፈ፤ ጀልባው ቀጥ ብሎ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ሙሉ እንጨት ጭነው ወደ ከተማ እየመጡ ነበር፤ ጮኹ፣ የቀርከሃ መቅዘፊያቸውን አወዛወዙ። ከስምንቱ ዘወር ብሎ ያየ የለም፤ ምት ይበላሻላ! የጀልባው አፍንጫ ታንኳው ጎን ላይ ተሰካ። ደንገል ለስላሳ ነውና ሰው አልሞተም። ጀልባው ግን ተሰነጠቀ፤ ውሃ ገባ፤ ስምንቱ መቅዘፊያቸውን ታቅፈው ተንሳፈፉ። ታች የወረደው ጆንያው ብቻ ነው።

ሽማግሌው እንጨታቸው ውሃ ላይ ተበትኖ እያዩ መጀመሪያ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ታንኳው ጎን ሳቧቸው። ከዚያ ጠየቁ።

«ልጆቼ፣ ወዴት ስትሄዱ ነው?»

«ወደፊት፣ አባቴ።»

«ታዲያ ጀርባችሁን ለምን ሰጣችሁት?»

«አቀማመጡ ነው አባቴ። የሚያየው ሌላ ሰው ነው።»

«የታለ እሱ?»

ዝም አሉ። በመጨረሻ የሒሳብ አያያዝ ተማሪው፣ «አሸዋ ነበር የተቀመጠው» አለ።

ሽማግሌው ወደ ውሃው ተመለከቱ። «እሱማ ምን አጠፋ» አሉ፤ «እንዲያይ አልቀጠራችሁት።»

ምሳሌው ይኸው ነው። ክለቡም ውድድሩም የሉም፤ የ55 ኪሎው ደንብ ግን አለ፤ የዓለም ቀዘፋ ማኅበር ደንብ ነው።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ችግሩን ያውቁታል። ክብደት ባይወሰን ኖሮ ሁሉም ቡድን ከሁሉ የቀለለውን ሰው፣ ቢቻል ሕፃን ልጅ፣ ፈልጎ ያስቀምጥ ነበር። ምክንያቱም የሚያይ ሰው ዋጋ በሰዓት መቆጣጠሪያ አይለካም፤ ክብደቱ ግን ይለካል። ያለ መሪ ያዥ የሚሄዱ ጀልባዎችም አሉ። ኦሊምፒክ ላይ 2,000 ሜትሩ ቀጥ ብሎ በተንሳፋፊ ምልክት የተሰመረ ስለሆነ፣ በአራት ሰው ጀልባ ከቀዛፊዎቹ አንዱ መሪውን በእግሩ እየነካካ ይደርሳል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1829 የጀመሩት ፉክክር ግን ዛሬ የሚካሄደው ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ላይ ነው፤ 6.8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጠመዝማዛ፣ የባሕር ሙላት የሚገፋው ውሃ። እዚያ ያለ መሪ ያዥ የሚነሳ የለም። በ1981 ኦክስፎርድ ሱ ብራውንን፣ በዚህ ውድድር የመጀመሪያዋን ሴት መሪ ያዥ፣ አስቀመጠና አሸነፈ። ዓይን መኖሩ ብቻውን ዋስትና ይሆናል ማለቴ አይደለም። በ1984 የካምብሪጅ ጀልባ፣ መሪ ያዥ እያለው፣ ገና ሲያሟሙቅ ከቆመ የጭነት ጀልባ ጋር ተላትሞ ተሰብሯል፤ ውድድሩም በማግስቱ ሆነ። ዓይን ያለው ይሳሳታል። አሸዋ ግን ይሳሳታል እንኳ አይባልም።

እኔን ያሳሰበኝ የሁለተኛው ውድድር ዋንጫ ነው። የጣናው አደጋ የተጸነሰው ሐይቅ ላይ ሲያሸንፉ ነው። ቀጥ ባለ መስመር ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ የሚጮኽ ሰው በእርግጥ ሸክም ነው፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪው ስሌትም ለዚያ ቀን ልክ ነበር።

በይፋት ቆላ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ብርቅ ነው። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከታርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱ አጭር ነው፤ ላይ የዘነበው ታች ሲደርስ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። በጋ ላይ ደግሞ ጠቡ የመስኖ ውሃ ነው። ብዙ ቦታ እንደሚደረገው የቦዩ ተጠቃሚዎች የውሃ አባት ይመርጣሉ። የውሃ አባት ተራ ያወጣል፤ ሌሊት በባትሪ ቦዩን ይዞራል፤ ያለ ተራው ውሃ የጠለፈውን ጎረቤቱን በሁሉ ፊት ያሳፍራል። ሥራውን በደንብ ከሠራ ይጠላል። ዝናቡ ጥሩ በሆነ ዓመት፣ ውሃው ለሁሉም በተረፈ ዓመት፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ይሠራልናል?» መባሉ አይቀርም። በሚቀጥለው ምርጫ ማንንም የማያስቀይም፣ ሰላምተኛ ሰው ይመረጣል። ምልዓተ ጉባኤው ይሟላል፤ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፤ ሃምሳ አምስቱ ኪሎ ሙሉ ነው።

ነገሩ በቦዩ ብቻ አያበቃም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ቁጥጥር ኮሚቴ አለ፤ የተማሪዎች ምክር ቤት አለ፤ የዕድር ሒሳብ መርማሪ አለ። እነዚህ ሁሉ የማይቀዝፉ ሰዎች ወንበር ናቸው። በሥራቸው ሽንኩርት አይጨምርም፤ ገንዘብ አይገባም። ስብሰባው ላይ እጅ አውጥተው «ይህ ደረሰኝ የታለ?» ሲሉ ስብሰባው ይረዝማል፤ ሰው ወደ ሰዓቱ ያያል። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደ ሰዓታቸው ከሚያዩት አንዱ ነኝ።

ማኅበራችሁ ዘንድሮ የቁጥጥር ኮሚቴ የሚመርጥ ከሆነ፣ ለዕጩው አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፤ «ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ አስቆጣኸን?» በሉት። «አንድም ቀን» ካለ ድምፃችሁን ለሌላ ስጡ።