በቴሌቪዥን ስለሚታየው ምጥ

ራሱ ያልቀመሰውን ሥቃይ በሥዕል የሚያሳይ ሰው ለባለ ሥቃዩ ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ለሠዓሊም ለተራኪም ለቴያትር ሠሪም የቆየ ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ ከገባ ወዲህ ግን በአንድ ነገር ላይ ከሁሉ ይልቅ ይጠነክራል፤ ይኸውም ሴት ስትወልድ በሚታየው ሥዕል ላይ ነው።

ምነው ቢሉ፥ የጦርነትን ሥዕል ዘማች የነበረ ሰው አይቶ «እንዲህስ አይደለም» ሊል ይችላል፤ የእርሻን ሥዕል ገበሬ ይፈርድበታል። ምጥን ግን ከተመልካቹ እኩሌታ የሚሆነው ወንድ ነውና አይቀምሰውም፤ ከሴቶቹም ያልወለደችው ገና አታውቀውም፤ የወለደችውን ደግሞ ልማድና ሐፍረት አፏን ይይዟታል። በአገራችን ሥርዓት ምጥ የሴቶች ነገር ሆኖ ኖሯል፤ ባል በደጅ ቁጭ ብሎ እልልታውን ይቈጥራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ ለብዙ ሰው በዕድሜው መጀመሪያ ያየው ምጥ በቴሌቪዥን ያየው ምጥ ነው። ተከራካሪ በሌለበት ሸንጎ የሚመሰክር ሰው ቃሉን ከሌላው ይልቅ አጥብቆ ሊመዝን አይገባውምን?

የቴሌቪዥኑ ምጥ መልኩ ከአገር አገር ብዙ አይለይም። ሴቲቱ በገበያ ወይም በግብዣ መካከል ቆማ ሳለች የእንሽርት ውኃዋ በድንገት ይፈስሳል፤ ወዲያው ትጮኻለች፤ ባልየው መኪናውን ያበርራል፤ በአልጋ ላይ በጀርባዋ ትጋደማለች፤ «ግፊ! ግፊ!» ይባላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ትገፋለች፤ ልጅ ያለቅሳል። የምትታቀፈውም ልጅ ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን የሚመለከት፥ ጉንጩ የሞላ፥ አንገቱን ለማቅናት ጥቂት የቀረው ልጅ ነው። በእናቲቱ ግንባር ላይ ጥቂት ላብ ይታያል፤ አባት እንባውን ይጠርጋል፤ ዜማ ይሰማል፤ ታሪኩም ወደ ሌላ ያልፋል። ይህም በሩቅ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ጀምሮ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ካቀረበ ወዲህ፥ የባዕድ አገር ደስታና ሥቃይ በእኛ አፍ እየተናገረ ወደ ምድጃችን ቀርቧል።

እውነቱን አዋላጆችና ሐኪሞች ይነግሩናል። ወሯ ከገባ ነፍሰ ጡር ምጥ ሳይጀምራት ውኃው አስቀድሞ የሚፈስሳት ከመቶው ከ8 እስከ 10 ያህሏ ብቻ ናት፤ ለቀሩት የሚፈስሰው ምጡ ከያዛቸው በኋላ ነው። የበኵር ልጅ ምጥ ከጠና ጀምሮ የማኅፀን አፍ ፈጽሞ እስኪከፈት ድረስ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 18 ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያም በኋላ መግፋቱ ራሱ ሰዓታትን ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የሚበዛው ጩኸት ሳይሆን ጥበቃ ነው፤ መመላለስ፥ ማቃሰት፥ ውኃ መጎንጨት፥ ዝም ማለት፥ እንደ ገና መመላለስ። ለብዙ ሴት በጀርባ ከመጋደም ይልቅ መንበርከክ ወይም ቁጢጥ ማለት ይቀልላታል፤ ይህንም የባላገር አዋላጆች ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ሕፃኑም ሲወለድ ደምና እንደ ቅቤ ያለ ነጭ ቅባት ለብሶ፥ ራሱ ከመንገዱ ጥበት የተነሣ ሾሎ፥ ገላው በመጀመሪያ ወደ ሰማያዊ አድልቶ ነው፤ እትብቱም ከወጣ በኋላ ጥቂት ጊዜ ይመታል።

ከዚህ ውስጥ ይቅር የሚባል አለ። አዲስ የተወለደን ልጅ ስለ ቴያትር እውነተኛነት ብሎ ከመብራትና ከጫጫታ ፊት ማቅረብ ግፍ ነው፤ በብዙ አገርም ሕግ ይገድበዋል። እንግዲህ የሦስት ወር ልጅ የአንድ ሰዓት ልጅ ሆኖ ቢቀርብ እኔ አልፈርድም። ሥቃዩም ባይታይ፥ ደሙም ቢሰወር አልፈርድም። የምፈርደው በሌላ ነገር ነው፤ ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ቴያትር ሠሪው የሚያቀርበውን መልስ መስማት ይገባል።

እርሱም እንዲህ ይላል፦ «ሰው ከጎንደር ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ በአንድ ቅጽበት አሳያለሁ፤ ውሸታም ያለኝ የለም። የ15 ሰዓት ምጥ በሁለት ደቂቃ ባሳይ ስለ ምን እወቀሳለሁ?» መልሱ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎንደር ሩቅ መሆኑን ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል። የተቈረጠውን መንገድ በልቡ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ማሳጠሩ ሐሰት አይሆንም። የምጥን መንገድ ርዝመት ግን አያውቅምና የሚሞላበት ነገር የለውም፤ የታየውን ሁለት ደቂቃ እንደ ታየ ይይዘዋል። ስለዚህ ያው ማሳጠር አድማጩ በሚያውቀው ነገር ላይ ጥበብ ሲሆን፥ በማያውቀው ነገር ላይ ማሳሳት ይሆናል። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይዋሽ ያሳስታል።

እንግዲህ መሸፈንና መዋሸት አንድ አይደሉም። በአሜሪካ «አይ ላቭ ሉሲ» በሚባለው ቴያትር፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በጥር 19 ቀን 1953 ዓ.ም. በታየው ክፍል፥ ዋናይቱ ለመውለድ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። በዚያ ዘመን በቴሌቪዥን «እርጉዝ» የምትለውን ቃል እንኳ መናገር አልተፈቀደም ነበር፤ ጽሑፉንም ቄስና ፓስተር ከአይሁድ መምህር ጋር አስቀድመው ይመለከቱት ነበር። ምጡ አልታየም፤ የታየው የባልየው መደናገጥና የጐረቤት መጯጯህ ነው። ተዋናይቱ ሉሲል ቦል ራሷ በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ወለደች፤ እርሱም አልታየም። ሰዎች ዛሬ በዚያ ድብቅነት ይሥቃሉ። እኔ ግን በዚያ ውስጥ ሐሰት አላገኝም፤ መጋረጃው መጋረጃ መሆኑን ይናገራልና፥ ከኋላው ምን እንዳለ አውቃለሁ የሚል የለም።

መጋረጃ ሳይገለጥ እውነት መናገር እንደሚቻል ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት እናገኛለን። ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ምጥ ጠናባት፤ አዋላጇ እንዳትፈራ አጽናናቻት፤ እርሷ ነፍሷ ስትወጣ ልጁን የኀዘኔ ልጅ ስትል ሰየመችው፤ አባቱ ስሙን ብንያም ወደ ማለት ለወጠው፤ እርሷም በመንገድ ዳር ተቀበረች። በዚህ ሁሉ አንዲት የደም ጠብታ አልተጠራችም፤ ነገር ግን ምጡ፥ የአዋላጇ ድምፅ፥ የእናት ሞትና የአባት ልብ ሁሉ አሉ። የትዕማርም ነገር እንዲሁ ነው። መንታዎቿ ሲወለዱ አንዱ እጁን አስቀድሞ አወጣ፤ አዋላጇም ማን እንደ ቀደመ ይታወቅ ዘንድ በእጁ ላይ ቀይ ፈትል አሰረችበት፤ እርሱ እጁን መለሰ፥ ወንድሙም ቀድሞት ወጣ። ይህን የጻፈ ሰው የአዋላጅን ሥራ ከሚያውቁ ሴቶች ሰምቶ እንደ ጻፈ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሐሳብ አይፈጠርምና።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሁሉን የሚገልጥ አለ። በእንግሊዝ አገር ቻነል ፎር የሚባለው ጣቢያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ካሜራዎችን ተክሎ፥ ፈቃዳቸውን የሰጡ እናቶች በእውነት ሲወልዱ አሳየ። ከዚህ የበለጠ እውነት ከወዴት ይገኛል? ይባል ይሆናል። ነገር ግን የብዙ ሰዓት ሥዕል ለአንድ ሰዓት ዝግጅት ሲቈረጥ የሚቀረው ምንድር ነው? ጥበቃው አይቀርም፤ ጩኸቱ ይቀራል። እያንዳንዱ ቅንጣት እውነት ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ሊያጋድል ይችላል። በቅኔ ቤት ተማሪ ሰሙን ብቻ አሳምሮ ወርቁን ቢያጣው መምህሩ «ይህ ቅኔ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ቃሎቹ እያንዳንዳቸው ያማሩ መሆናቸው አያድነውም።

አሁን ወደምፈርድበት ነገር ልመለስ። የቴሌቪዥኑ ምጥ ትልቁ ሐሰት የሚጀምረው በልጁ ልቅሶ ነው። ልጅ ባለቀሰ ጊዜ ዜማው ይነሣል፥ ጭንቁም አለቀ ይባላል። ለእናቲቱ ግን ብርቱው ሰዓት ገና መግባቱ ነው። የእንግዴ ልጅ አልወጣም፤ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወጣል፥ አንዳንድ ጊዜ ግን እንቢ ይላል፥ ወይም ተቈርሶ ይቀራል። ወሯ በገባ ሴት ማኅፀን ውስጥ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ያልፋል፤ ልጁና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ማኅፀኑ እንደ ጡጫ ካልተጨማደደ የተከፈቱት ሥሮች አይዘጉም። የወላድ ደም መፍሰስ የሚባለው ይህ ነው፤ በዓለም እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች የመጀመሪያውም እርሱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. ብቻ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት 260,000 ያህል ሴቶች ሞተዋል፤ ይህም በየቀኑ ከ700 በላይ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ከመጽሐፍ ክርክር ያለፈ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ልጆች አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ተገምቶ ነበር፤ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱትም በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ዛሬም በቤቷ የምትወልድ እናት ብዙ ናት። በዚያ ቤት ሐኪም የለም፤ ማኅፀን እንዲጨማደድ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ የለም፤ ያለው የባልና የአማት የጐረቤትም ዕውቀት ነው። ልጁ አለቀሰ፥ እልልታው ተመታ፥ ገንፎው ተጣደ፤ ሴቲቱ ግን ፊቷ እየነጣ፥ ጨርቋ እየራሰ ነው። ነገሩ ተፈጸመ ብሎ ያመነ ዓይን ይህን ስንት ደቂቃ ቈይቶ ያያል? ቴሌቪዥን ገደላት አልልም። ነገር ግን ጭንቅ በልቅሶ ያልቃል ብሎ መቶ ጊዜ ያስተማረ ሥዕል፥ በመቶ አንደኛው ጊዜ ምንም ዕዳ የለብኝም ሊል አይችልም።

ደግሞም በጥበብ አይቻልም እንዳይባል፥ ሠርተው ያሳዩ አሉ። «ኢ አር» በሚባለው የአሜሪካ የሐኪሞች ቴያትር፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. በታየ አንድ ክፍል፥ ጐበዝ የተባለ ሐኪም የነፍሰ ጡሯን ሕመም ቀላል የፊኛ ሕመም ነው ብሎ ይገምታል፤ ነገሩ ግን ከእርግዝና ጋር የሚመጣው የደም ግፊት በሽታ ነበረ። ሰዓቱ ሁሉ እየከፋ ይሄዳል፤ ልጁ ይድናል፥ እናቲቱ ትሞታለች። ያን ያየ ሰው ዜማውን እንደ ቀድሞው አይሰማም። «አዋላጇን ጥሩ» የሚል ስም ያለው የቢቢሲ ተከታታይ ቴያትር ደግሞ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ተጀመረ፤ መሠረቱ ጄኒፈር ዎርዝ የተባለች ሴት በለንደን ምሥራቅ በድሆች ሰፈር፥ ከመነኮሳይያት ጋር አዋላጅ ሆና ያገለገለችበትን ዘመን የጻፈችው መጽሐፍ ነው። ቴያትሩን የሚያርም እውነተኛ አዋላጅ አለ፤ በዚያም አዋላጇ ዕቃዋን በብስክሌት ጭና ትመጣለች፥ ትቀመጣለች፥ ትጠብቃለች። ባለሙያዋ ባለችበት ቤት ምጥ የሥራ መልክ ይዞ ይታያል፤ ይህም ለዓይን የማያሰለች መሆኑን የተመልካቹ ብዛት አስረድቷል።

አንዲት ያልወለደች ልጃገረድ እውነቱን ብታይ ትፈራለች የሚሉ አሉ፤ ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም፤ እናቶቻችንም ስለዚሁ ዝም ይሉ ነበር። ነገር ግን የሚያስፈራት የትኛው ነው? ምክንያቱ የማይታወቅ ጩኸት ነው እንጂ፥ ምጥ ረጅም መሆኑን፥ በመካከሉ ዕረፍት መኖሩን፥ ከልቅሶው በኋላ የሚጠብቅ እጅ መኖሩን ማወቅ አይመስለኝም። የማታውቀውን መንገድ በሌሊት የምትሄድና የምታውቀውን በሌሊት የምትሄድ ሴት፥ ጨለማው አንድ ሆኖ ሳለ፥ ፍርሃታቸው አንድ አይደለም።

የእኛ ቋንቋ ይህን ነገር ቀድሞ ያውቃል። ነፍሰ ጡርን «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እንላታለን፤ በወለደች ጊዜ ሄደን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። አስተውሉ፤ ሰላምታው ለልጁ ሳይሆን ለእርሷ ነው፤ ቃሉም ስለ ማግኘት ሳይሆን ስለ መትረፍ ይናገራል። «ማረችሽ» ማለት ሞት ቀርቦ ነበር ማለት ነው። በቴሌቪዥኑ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙት ጠያቂዎች ግን አበባ ይዘው መጥተው ወንድ ነው ወይስ ሴት ይላሉ፤ እርሷን በስሟ የሚጠራት ጥቂት ነው።

ከቴያትር ሠሪው የምለምነው ብዙ አይደለም። ደሙን ይሰውር፥ ገላዋንም ይሸፍን፥ ምጡንም ያሳጥር። ልጁ ካለቀሰ በኋላ ግን ዜማውን ትንሽ ያቈየው፤ አዋላጇ እጇን በእናቲቱ ሆድ ላይ አኑራ ማኅፀኑ መጨማደዱን ስትዳስስ፥ የእንግዴ ልጁንም በሳሕን አድርጋ ወደ ብርሃን አቅርባ፥ ምንም አለመጉደሉን አገላብጣ ስታይ ያሳየን። ከዚያ በኋላ ዜማው ይነሣ።