«አሸነፍን» ማለት ለማን ተገባ?

ኳስ በእግሩ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ የሚደግፈው ቡድን የሊግ ሻምፒዮን በሆነ ዕለት ወደ አደባባይ ወጥቶ «አሸነፍን!» እያለ ይጮኻል። የማያውቀውን ሰው አቅፎ ይስማል፤ ይዘፍናል፤ ያለቅሳል። ቁም ነገር ወዳድ የሆነ ሰው ይህን አይቶ «አንተ ምን አድርገህ ነው ያሸነፍኸው?» ቢለው፣ ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ በውስጡ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት። ሰው ባልሠራው ሥራ ሊደሰት ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ፣ ያ ደስታ መልካም የሚሆነው መቼ ነው? ጥያቄውን በአንዲት ከተማ ታሪክ እንመርምረው።

ናፖሊ የደቡብ ኢጣሊያ ታላቅ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው የእግር ኳስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1926 ከተመሠረተ ጀምሮ ስድሳ ዓመት ያህል የኢጣሊያን ሊግ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሸንፍ ኖረ። ዋንጫው በአብዛኛው የሚሄደው ባለፋብሪካና ባለጸጋ ወደ ሆኑት የሰሜን ከተሞች፣ ወደ ቱሪንና ወደ ሚላን ነበር። ከሽንፈቱም ጋር ስድብ ነበረ። በ1973 በናፖሊ የኮሌራ በሽታ ገብቶ ስለ ነበር፣ የሰሜን ደጋፊዎች የከተማዪቱን ሰዎች በዚያው በሽታ ስም ይሰድቧቸው ነበር፤ ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ በእሳቱ እንዲያጥባቸውም በጨርቅ ላይ ጽፈው በስታዲየም ያውለበልቡ ነበር። በ1984 ዲዬጎ ማራዶና ከባርሴሎና ወደ ናፖሊ መጣ። በሜይ 10 ቀን 1987 ቡድኑ ከፊዮሬንቲና ጋር አንድ ለአንድ ተለያይቶ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የደስታ ሰሞን በከተማዪቱ ሁለት ነገሮች ተደረጉ። አንደኛው፣ ደጋፊዎች የዩቬንቱስንና የሚላንን የይስሙላ ቀብር ፈጸሙ፤ የሬሳ ሣጥን ተሸክመው በየመንገዱ ዞሩ። ሁለተኛው፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ ሰው በመቃብር ስፍራ ግንብ ላይ ለሙታን መልእክት ጻፈ፤ ቃሉም «ምን እንዳመለጣችሁ አታውቁም» የሚል ነበር። ከዚህ በታችም ሌላ እጅ «እንዳመለጠን ማን ነገራችሁ?» የሚል መልስ እንደ ጨመረበት እስከ ዛሬ ይተረካል።

እንግዲህ በመጀመሪያ «አሸነፍን» ስለሚለው ቃል እንናገር። በእኛ ልማድ ልጅ ሲዳር ድግሱን ያልደገሰው ዘመድ ሁሉ «ዳርን» ይላል፤ ልጅ ሲመረቅም አንድ ገጽ ያላነበበው ጎረቤት «ልጃችን ተመረቀ» ይላል፤ ማንም ውሸታም አይለውም። ይህ ቃል የድካም ደመወዝ መጠየቂያ ሳይሆን የአንድነት ምስክርነት ነውና። ሰው ባልሠራው ሥራ ቢመካ ሐሰት ነው፤ ባልሠራው ሥራ ቢደሰት ግን ፍቅር ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ይህም መፈተኛ አለው፤ ይኸውም ያ ሰው «ተሸነፍን» ብሎ ያውቃልን? የሚለው ነው። የናፖሊ ክለብ በ2004 ከስሮ ከሦስተኛው ዲቪዚዮን እንደገና ሲጀምር፣ ዋንጫ በማይታሰብበት በዚያ ዘመን በስታዲየሙ የተቀመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች ነበሩ። በውርደት ቀን «እኛ» ያለ፣ በክብር ቀን «እኛ» ቢል ማን ይከለክለዋል? በድል ዕለት ብቻ የሚመጣው ግን እንግዳ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። በሊግ አንዱ ሲያሸንፍ ሌሎቹ ሁሉ ይሸነፋሉ፤ ስለዚህ ይህ ደስታ በሰው ኀዘን ላይ የቆመ አይደለምን? የሬሳ ሣጥኑን የተሸከሙትን ሰዎች ለመውቀስ አልቸኩልም። ለዓመታት የተሰደበ ሰው አንድ ቀን ቢመልስ አይገርምም፤ የእነርሱም መልስ ሳቅ ነበረ እንጂ ደም አልነበረም። ነገር ግን የተሳዳቢውን መዋረድ የሚሻ ደስታ ገና የተሳዳቢው ምርኮኛ ነው። ዓይኑ በገዛ ዋንጫው ላይ ሳይሆን በጠላቱ ፊት ላይ ነውና፤ ጠላቱ ባይከፋው ኖሮ ደስታው ይጎድል ነበር።

በመቃብሩ ግንብ ላይ የጻፈው ሰው ግን ሌላ ነው። በደስታው መካከል የጎደለ ሰው አየ። ምናልባት ወደ ስታዲየም እጁን ይዞ የወሰደውን አባቱን፣ ምናልባት ስድሳውን ዓመት ጠብቆ በዋዜማው የሞተውን ጎረቤቱን አሰበ። ደስታው ለብቻው ስለ በዛበት የሚያካፍለውን ፈለገ፤ በሕያዋን መካከልም ሳይወሰን ወደ ሙታን ሄደ። በሜይ 4 ቀን 2023 ናፖሊ በኡዲኔ ከተማ ተጫውቶ፣ ከ1990 በኋላ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ ሦስተኛውን ዋንጫ ሲያረጋግጥ ብዙ ሺህ ሕዝብ በናፖሊ ስታዲየም ተሰብስቦ ጨዋታውን በታላላቅ የቴሌቪዥን መስኮቶች ይመለከት ነበር። የስታዲየሙ ስም ግን ተለውጧል፤ በ2020 በሞተው በማራዶና ስም ይጠራል። በዚያ ሌሊት የተደሰቱት ብዙዎች የቀድሞውን ድል ያላዩ ልጆች ነበሩ፤ ያዩትም ብዙዎች በመቃብር ነበሩ።

በስደት የምንኖር ሰዎች ይህን ስሜት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰለት አባት የምሥራቹን ሊነግር ስልክ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ እናቱ ካረፈች ሁለት ዓመት እንደ ሆናት ትዝ ይለዋል፤ ስልኩንም ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። ያ ሰው ያን ጊዜ የሚሰማው የደስታ ጉድለት አይደለም፤ ደስታው ምን ያህል እውነተኛ እንደ ሆነ የሚገልጥ ምልክት ነው።

ስለዚህ የደስታ ሚዛን ማንን አሸነፍሁ ሳይሆን ማን ጎደለብኝ የሚለው ይመስለኛል። አባቶቻችን ይህን በቋንቋችን ውስጥ አስቀምጠውልናል። «እንኳን ደስ ያለህ» የተባለ ሰው «አመሰግናለሁ» ብሎ ብቻ ዝም አይልም፤ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብሎ ይመልሳል እንጂ። የተሰጠውን ደስታ ወዲያው ለሰጪው ያካፍላል። በግንቡ ላይ የጻፈው የናፖሊ ሰው አማርኛ አያውቅም ነበር፤ ለሙታኑ የላከው ቃል ግን ይኸው ነበር።