ስለ ንጽሕናና ስለ መንፈሳዊ ወዳጅነት

ንጽሕና የተባለ እንደ ሆነ ለብዙ ሰው የሚታየው ክልከላ ብቻ ነው፤ አለማየት፥ አለመቅረብ፥ አለመነጋገር። ወንድና ሴት እሳትና ጭድ ናቸውና ይራራቁ ይባላል። ይህ ምክር የሚናቅ አይደለም፤ አባቶች ከብዙ ሰው ውድቀት የተማሩት ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ የአትክልት ቅጥር ነው፤ ቅጥሩን አጥብቆ ከውስጡ ምንም ያልተከለ ሰው የሚጠብቀው ባዶ መሬት ነው።

እንግዲህ በቅጥሩ ውስጥ ሊበቅል የሚገባው ምንድር ነው? ቅዱስ አምብሮስዮስ ንጽሕናን በሦስት ወገን ከፍሎ፥ አንዱ የባለ ትዳሮች፥ ሁለተኛው የመበለቶች፥ ሦስተኛው የደናግል እንደ ሆነ አስተምሯል። ከዚህም ንጽሕና የገዳማውያን ብቻ ዕዳ እንዳይደለ ይታወቃል። ባል ሚስቱን የፈቃዱ ዕቃ ቢያደርጋት በሕጋዊ ትዳሩ ውስጥ ሳለ ንጽሕናን ያጐድላል፤ መነኵሴም ከሰው ሁሉ ርቆ ሳለ በልቡ ሌላውን የራሱ ገንዘብ ቢያደርግ እንዲሁ ነው። ንጽሕና ማለት ሰውን የእግዚአብሔር መሆኑን አውቆ፥ ለራስ ሳይነጥቁ መውደድ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚቻል የቅዱስ ፍራንሲስኮስ ዘሳሌስና የቅድስት ዮሐና ዘሻንታል ታሪክ ያስረዳል። ዮሐና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1572 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በዲዦን ከተማ ተወለደች። በ1592 ለባሮን ዘሻንታል ተዳረች፤ ባልዋም በ1601 አደን ወጥቶ ሳለ በስሕተት በተተኰሰ ጥይት ቈስሎ ሞተ። በ29 ዓመትዋ ከአራት ልጆች ጋራ መበለት ሆና ቀረች። በ1604 ዐቢይ ጾም፥ መንበሩ በስደት በአንሲ የነበረው የጄኔቫ ጳጳስ ፍራንሲስኮስ በዲዦን ሊሰብክ መጣ፤ በዚያውም ዓመት የነፍስ አባትዋ ሆነ። በ1610 የእመቤታችን ጉብኝት የሚባለውን የሴቶች ማኅበር በአንሲ አብረው መሠረቱ። እንዲህ ሆና የሚስትን፥ የመበለትንና የገዳማዊትን ንጽሕና በየተራው ኖረችው።

በሁለቱ መካከል የነበረው ፍቅር የተደበቀ አልነበረም፤ የጳጳሱ መልእክቶች በግልጥ ይመሰክሩታል። ነገር ግን በ1616 እርስዋ በሱባኤ ሳለች፥ ከሁሉ ነገር፥ በርሱ ላይ ከመደገፍም ጭምር፥ ነፍስዋን ነጻ እንድታወጣ ጠየቃት። ነገሩ ለርስዋ ብቻ ከባድ አልነበረም፤ የመካሪ ፈተናው መወደድን መውደድ ነውና።

በ1622 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፥ ከሦስት ዓመት በላይ ሳይተያዩ ቈይተው በልዮን ከተማ ተገናኙ። እርስዋ የነፍስዋን ነገር በወረቀት ጽፋ ይዛ ነበር፤ እርሱ ግን ያን በአንሲ እንዲነጋገሩበት፥ አሁን የማኅበሩን ጉዳይ እንድታስቀድም ነገራት። ወረቀትዋን አጠፈችና ስለ ገዳማቱ ሥራ ለብዙ ሰዓት ተነጋግረው ተለያዩ። በዚያው ወር በ28 ቀን ጳጳሱ በልዮን ዐረፈ፤ ዳግመኛም በሕይወት አልተያዩም።

አንባቢ፥ ጥቂት ጊዜ ቢሰጣት ምን ይጐዳ ነበር? ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምናልባት የሚጐዳ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ፍቅራቸው እርስ በርስ ከመጽናናት የሚበልጥ ሥራ ባይኖረው ኖሮ በዚያ ቀን በቂም ይፈጸም ነበር። ዮሐና ግን መልእክቶቹ ተሰብስበው እንዲታተሙ ደከመች፤ ማኅበሩንም ለ19 ዓመት ስታገለግል ኖራ በ1641 ስታርፍ ከ80 በላይ ገዳማት ነበሩት።

ስለዚህ ወዳጅነታችን መንፈሳዊ ነው የሚሉ ወንድና ሴት በስሙ ብቻ አይታመኑ፤ በዚህ ስም የተሸፈነ ብዙ ምኞት አለና። የሚነጋገሩት ነገር በሌላ ሰው ፊት ሊነገር የሚችል መሆኑን፥ አንዱ ሌላውን ከትዳሩ ወይም ከመሐላው ግዴታ የማያስቀረው መሆኑን፥ መለያየት ቢመጣም ያለ ቂም ሊሸከሙት የሚችሉ መሆናቸውን ይመርምሩ። ሕሊናቸው በሦስቱም ቢመሰክርላቸው እግዚአብሔርን ያመስግኑ፤ በአንዱ እንኳ ቢወቅሳቸው ግን አባቶች ያጠሩትን ቅጥር አይናቁ።