የሰውን ቃል መዋስ ስርቆት ነውን?

ሌላ ሰው የፈጠረውን ቃል በድርሰታችሁ ውስጥ ብታስገቡ ሌባ ትባላላችሁ? ፈጥናችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ቃል በመዋዋስ ወደሚታወቁት ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራስያን እንሂድ።

«ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ ሲሆን፣ ጊዜውም በ1920 እ.ኤ.አ. ተውኔቱን ባሳተመ ጊዜ ነው። ቃሉ በቼክ ቋንቋ የግዳጅ ሥራ ከሚል ቃል የወጣ ነው። ምስጋናው ሁሉ ለካሬል በሆነ ነበር፤ እርሱ ግን በ1933 ቃሉን ያመነጨው ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ መሆኑን በጋዜጣ ጽፎ አሳወቀ።

አሜሪካዊው አይዛክ አሲሞቭም ያንኑ ቃል ወርሶ በ1942 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ሦስቱን የሮቦት ሕጎች አሰፈረ። የመጀመሪያው ሮቦት ሰውን እንዳይጎዳ ይከለክላል። አሲሞቭ ሕጎቹን ያረቀቀው አርታኢው ጆን ካምቤል እንደ ሆነ ይመሰክር ነበር። ካምቤል በበኩሉ ከአሲሞቭ ታሪኮች ለቅሞ ከማውጣት በቀር ያደረገው ነገር እንደሌለ ይናገር ነበር። ለክብር የሚሻሙ ሰዎችን ብዙ አይተናል፤ ክብሩን አንዱ ለሌላው ሲተው ያየነው ግን ስንት ጊዜ ነው?

ሦስተኛው ምሳሌ ከበድ ይላል። ኡርሱላ ለ ጉዊን በ1966 ባወጣችው ልብ ወለድ፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ በቅጽበት መልእክት የሚያደርስ መሣሪያ «አንሲብል» ብላ ሰየመች። ኦርሰን ስኮት ካርድ በ1985 «የኤንደር ጨዋታ» በተባለው መጽሐፉ በዚሁ ስም ተጠቀመ። አንዱ ገጸ ባሕርይ ስሙ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ የተገኘ መሆኑን ይናገራል፤ የደራሲዋን ስም ግን አይጠራም። ይህ ይበቃልን?

እኔ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሌባ ምንጩ እንዳይታወቅበት ይፈራል፤ ተዋሽ ግን አንባቢው ምንጩን ቢያውቅለት ደስ ይለዋል። ካርድ ለ ጉዊንን ያነበበ ሰው እንዲያስታውሳት በሩን ክፍት ትቷል። ስሟን ቢጠራ ግን ያላነበበውም ያገኛት ነበር።

«ከየት እንደ ሰማሁት ረስቼዋለሁ» የምትሉም ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ ያነበብነው ሁሉ በውስጣችን ይቀራልና የራሳችን ይመስለናል። አሲሞቭ የገጠመው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ በ1941 «ሮቦቲክስ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ ቀድሞ የነበረ ቃል መስሎት ነበር እንጂ ራሱ መፍጠሩን አላወቀም። የእኛ ስሕተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ራሳችን ያደላል።

ስለዚህ መዝሙር ስትደርሱ፣ ግጥም ስትጽፉ፣ ለስብከት ስትዘጋጁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የዚህ ቃል ባለቤት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ቢያደምጠኝ ደስ ይለኛል ወይስ አፍራለሁ? የምታፍሩ ከሆነ ቃሉን መሰረዝ አያስፈልጋችሁም። ስሙን ጥሩ።